መርከብ የሌለው የመርከበኞች ማኅበር፦ የባሕር ትዝታ በምሥራቅ ጎጃም ደጋ

ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ በሁለት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ አንድ ዓይነት ንድፍ ያላቸው 17 ባሕር ሰርጓጅ መርከቦችን ለባሕር ኃይሏ ሠራች። ከስሞቻቸው አብዛኞቹ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደሉም፦ ዓድዋ፣ አክሱም፣ ተምቤን፣ አላጌ፣ አሸንጌ፣ መቀሌ፣ ደሴ፣ ጎንደር፣ ነጌሌ፣ ሽሬ። የወረራው ድል ማስታወሻ እንዲሆኑ የተሰጡ ስሞች ናቸው። ከ17ቱ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት አልፋ የቀረችው አላጌ ብቻ ነበረች፤ የቀሩት 16ቱ ከሠራተኞቻቸው ጋር ወይም ያለ ሠራተኞቻቸው በሜዲትራንያንና በቀይ ባሕር ጠፍተዋል።

ከነዚህ መካከል መቀሌ የተባለችው በምጽዋ ከሰፈሩት ስምንት የጣሊያን ሰርጓጆች አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1940 ጣሊያን ወደ ጦርነቱ ከገባች ከአምስት ቀን በኋላ በሱዳን ጠረፍ አቅራቢያ በምትገኝ ደሴት ድንጋይ ላይ ወጥታ ተሰበረች። ከማቀዝቀዣ መሣሪያ ያመለጠ መርዛማ ጋዝ መርከበኞቹን አስቀድሞ አድክሟቸው ነበር። ጥቂቶቹ በትንሽ ጀልባ እርዳታ ፍለጋ ሄዱ፤ የቀሩት በደሴቲቱ ላይ በሙቀትና በውኃ ጥም ቀናትን አሳልፈው በሌላ ሰርጓጅ ተወሰዱ። አንድ ወጣት መርከበኛ ግን እዚያው ሞቶ በአሸዋው ተቀበረ። የዚህ ሰው አጽም ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ ተፈልጎ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ ትውልድ መንደሩ ተመልሶ ተቀበረ። መርከቧ ከጠፋች፣ የላካት መንግሥትም ከወደቀ በኋላ ማን እንደ ሞተ፣ የት እንደ ተቀበረ የሚያውቅ መዝገብና የሚፈልግ ሰው መኖሩ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሚሆን ጉዳይ ነው።

ኢትዮጵያ ሰርጓጅ መርከብ ኖሯት አያውቅም። ይሁን እንጂ የባሕር ኃይል ነበራት፤ የባሕር ኃይሉም መርከበኞች ነበሩት። ከቢቸናም ይሁን ከሞጣ፣ ከደብረ ወርቅም ይሁን ከመርጦ ለማርያም ወጥቶ ምጽዋ የደረሰ፣ ባሕሩ ሲዘጋም ወደ ደጋው የተመለሰ ሰው በምን ዓይነት ማኅበር ይታሰባል? የሰርጓጅ መርከበኞች ማኅበራት ልምድ ከአገሬው የማኅበር ወግ ጎን ሲቀመጥ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ይረዳል።

የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር በጥቅሉ ሦስት ነገር ይሠራል፤ አባላቱን ያገናኛል፣ መብታቸውን ያስከብራል፣ የሞቱትን ይዘክራል። በአብዛኞቹ ማኅበራት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይቀድማሉ። በሰርጓጅ መርከበኞች ዘንድ ግን ሦስተኛው ይቀድማል፤ ምክንያቱም ከሥራው ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው። እግረኛ ሠራዊት ሲመታ ከፊሉ ይሞታል፣ ከፊሉ ይቆስላል፣ ከፊሉም ተርፎ የሆነውን ይናገራል። ሰርጓጅ ስትሰጥም ግን ብዙውን ጊዜ ካፒቴኑና ወጥ ቤቱ፣ መሐንዲሱና ትናንት የተቀጠረው ልጅ በአንድ ጊዜ ያልቃሉ። አስከሬን የለም፤ መቃብርም የለም፤ ያየ ምስክርም አይኖርም። የሚቀረው ዝርዝር ብቻ ነው። ስለዚህ በሌላ መርከብ ላይ ስለነበሩ የተረፉ ሰዎች፣ ያላዩትን ሞት ባልነበሩበት ቦታ ሆነው የመዘከር ግዴታ ወደቀባቸው።

የአሜሪካው ምሳሌ ይህን በግልጽ ያሳያል። አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 52 ሰርጓጆችንና ከ3,000 በላይ መርከበኞችን አጥታለች። እ.ኤ.አ. በ1964 የተመሠረተው የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከበኞች ማኅበር የአካባቢ ቅርንጫፎቹን በባሕር ኃይሉ አጠራር «መደብ» ይላቸዋል። በስብሰባዎቻቸው በዚያ ወር የጠፉት መርከቦች ስም አንድ በአንድ ይነበባል፤ ለእያንዳንዱ ስም ደወል ይደወላል። ከዚህ ማኅበር የሚቀድመው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰርጓጅ መርከበኞች ማኅበር ደግሞ የጠፉትን 52 መርከቦች ለ50ዎቹ ክፍለ ግዛቶች አከፋፍሎ ነበር። ለእያንዳንዱ ክፍለ ግዛት አንድ መርከብ ደረሰው፤ ኒው ዮርክና ካሊፎርኒያ ሁለት ሁለት ወሰዱ። ከባሕር በሺህ ኪሎ ሜትር የራቁ፣ ነዋሪዎቻቸው ስንዴና በቆሎ የሚያመርቱ ክፍለ ግዛቶች ሳይቀሩ በአደባባያቸው የሚዘክሩት መርከብ አገኙ። የዚህ ማኅበር ብሔራዊ ድርጅት አባላቱ በዕድሜ እየተመናመኑ በመሄዳቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ተዘጋ፤ የመርከቦቹ ዝርዝር ግን ለተከታዩ ማኅበር ተላለፈ። በጦርነቱ ያልነበሩ፣ ከዚያ በኋላ በኒውክሌር ሰርጓጆች ያገለገሉ ሰዎች ዛሬ የአያቶቻቸውን ዘመን መርከቦች ስም ያነባሉ። የባሕር ትዝታ ያለ ባሕር ሊቆይ እንደሚችል ከዚህ ምሳሌ መረዳት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ግን የቆመው በአንድ መሠረት ላይ ነው። መርከቦቹ ቢጠፉም የባሕር ኃይሉ አልጠፋም፤ የስም ዝርዝሩን የያዘ መሥሪያ ቤት፣ ጡረታ የሚከፍል ግምጃ ቤት፣ አዲስ መርከብ ሲሠራ የጠፋውን ስም መልሶ የሚሰጥ መንግሥት አለ። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ታሪክ የሚለየው በዚህ ነው።

የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1955፣ ኤርትራ በፌዴሬሽን ከተዋሐደች ከሦስት ዓመት በኋላ ተቋቋመ። ዋና መደቡ ምጽዋ ነበር። በማደራጀቱና በማሠልጠኑ ሥራ የኖርዌይ መኮንኖች ሰፊ ድርሻ ነበራቸው። በዓመቱ በአሥመራ የተከፈተው የባሕር ኃይል ኮሌጅ ዕጩ መኮንኖችን ለ52 ወራት ያስተምር ነበር፤ ባሕረኞቹ ደግሞ በምጽዋ ይሠለጥኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1962 አሜሪካ ኦርካ የተባለችውን የባሕር አውሮፕላኖች አገልጋይ መርከብ ሰጠች፤ «ኢትዮጵያ» ተብላ ተሰየመች። ወደ 95 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት የነበራት ይህች መርከብ የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብና ተንሳፋፊ ትምህርት ቤት ሆና ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል አገልግላለች። በርካታ የባሕር ኃይሉ ሰዎች የመጀመሪያ ማዕበላቸውን ያዩት በእርሷ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በየዓመቱ በምጽዋ ይከበር በነበረው የባሕር ኃይል ቀን የልዩ ልዩ አገሮች የጦር መርከቦች እየመጡ ይሰለፉ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ተመራቂዎችን ይመርቁ ነበር። ከጦር ክፍሎቹ ሁሉ በሰው ብዛት ያነሰው ይህ ክፍል ስለነበረ አባላቱ እርስ በርስ የመተዋወቅ ዕድላቸው ሰፊ ነበር።

አብዮቱ ሲመጣ የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ የነበሩት ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከተገደሉት ባለሥልጣናት መካከል አንዱ ሆኑ። ከአሜሪካ ጋር የነበረው ግንኙነት ሲቋረጥ መርከቦቹም፣ የሥልጠናው ቋንቋም፣ የመለዋወጫው ምንጭም ወደ ሶቪየት ኅብረት ዞረ፤ ሚሳይል ተሸካሚ ፈጣን ጀልባዎችና ፍሪጌቶች መጡ። ሰርጓጅ መርከብ ለኢትዮጵያ ባሕረኛ ዓይን የቀረበውም በዚህ ጊዜ ነው። ሶቪየቶች ከበርበራ ከተባረሩ በኋላ በዳህላክ ደሴቶች ውስጥ በኖክራ መልሕቅ መጣያና መጠገኛ አቋቁመው ነበር፤ በሕንድ ውቅያኖስ የሚንቀሳቀሱ ሰርጓጆቻቸውም እዚያ እየገቡ ይጠገኑ ነበር። ኖክራ በጣሊያን ዘመን የእስረኞች ደሴት እንደ ነበረች ማስታወስ ያስፈልጋል፤ አንድ ደሴት በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ሸክም መሸከሟ ራሱን የቻለ የጥናት ርእስ ነው።

የካቲት 1982 ዓ.ም. ላይ ምጽዋ ከመንግሥት እጅ ወጣች። ግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ የተረፉት መርከቦች ወደ የመንና ወደ ሌሎች ጎረቤት አገሮች ወደቦች ሸሹ። ዋናዋ መርከብ «ኢትዮጵያ» በየመን ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ሌሎቹ ከየመን ወጥተው ጂቡቲ ቢገቡም የወደብ ክፍያ ተጠራቅሞባቸው እ.ኤ.አ. በ1996 በሐራጅ ተሸጡ፤ ከፊሎቹንም የገዛችው ኤርትራ ነበረች። የባሕር ኃይሉ ያን ጊዜ አበቃ። እንግዲህ በስድስት ዓመት ያህል ውስጥ ወደቡ፣ ኮሌጁ፣ መርከቦቹና መሥሪያ ቤቱ ተከታትለው ሄዱ። የጠፋችውን መርከብ ስም የሚያወርሳት ሌላ መርከብ አልነበረም።

ሰዎቹስ? ሰኔ 1983 ዓ.ም. የተቋቋመው የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የአካል ጉዳተኞች መልሶ ማቋቋሚያ ኮሚሽን ወደ 455,000 የሚጠጉ የቀድሞውን ሠራዊት አባላት አሰናብቷል። ከነዚህ ግማሽ ያህሉ ወደ ገጠር የተመለሱ ናቸው፤ እህል፣ ዘርና ማዳበሪያ፣ ለአንዳንዱም በሬ እየተሰጠው ወደ እርሻ እንዲገባ ተደረገ። ኮሚሽኑ በቁጥር ከባድ ሥራ ሠርቷል፤ ሰውን የሚቆጥረው ግን ወደሚሄድበት ቦታ እንጂ ወደ ነበረበት ክፍል አልነበረም። ባሕረኛ፣ ታንከኛና የአየር መቃወሚያ ተኳሽ በአንድ ስም «የቀድሞ ሠራዊት አባል» ተባሉ። ባሕረኛነት፣ ማለትም የራዳር ማንበብ፣ የናፍጣ ሞተር መጠገን፣ በሌሊት በኮከብና በኮምፓስ የመመራት ሙያ፣ በደጋ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ቅጽ ላይ የሚሞላበት ሣጥን አልነበረውም።

ወደ ምሥራቅ ጎጃም የተመለሰ ሰው ግን ባዶ ሜዳ ላይ አልወደቀም። አገሩ በማኅበር የተሞላ ነው። ሞት ቢደርስ እድር አለ፤ ገንዘብ ለማጠራቀም እቁብ አለ፤ ሥራ ሲበዛ ደቦና ወንፈል አለ፤ በየወሩ በታቦቱ ቀን የሚጠጣ የጽዋ ማኅበር፣ በየሰንበቱ በቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚቀርብ ሰንበቴ አለ። ተመላሹ ወታደር ቤት እንደሠራ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ የየትኛው እድር አባል እንደሚሆን ነው። በዚህ ረገድ የአካባቢው ወግ ከማንኛውም የመልሶ ማቋቋሚያ መርሐ ግብር ፈጥኖ ይሠራል፤ ሰውየው ከየት እንደ መጣ ሳይሆን ከማን ጎን እንደሚኖር ስለሚጠይቅ።

ጥንካሬው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ድክመቱም እንዲሁ። እድር የጎረቤት ማኅበር ነው፤ መዝገቡም የቤት መዝገብ ነው። ሟቹ በመዝገቡ የሚገኘው በአባወራነቱ ነው፤ ድንኳን የሚተከለው፣ ወንበርና ድስት የሚወጣው፣ ቀባሪ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ቤተ ክርስቲያን በፍትሐቱ ደግሞ በክርስትና ስሙ ትጠራዋለች፤ ወልደ ሚካኤል ወይም ገብረ ማርያም ሆኖ በዓለም ስሙ የሚያውቁት ብዙዎቹ እንኳ በማያውቁት ስም ይሸኛል። ባሕር ኃይሉ በማዕረግና በመለያ ቁጥር፣ ከዚያም በላይ በመርከብ ስም ያውቀው ነበር። አንድ ሰው ሦስት መዝገብ ነበረው ማለት ነው። ከሦስቱ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዛሬም ይሠራሉ፤ ሦስተኛውን በወረዳ ደረጃ የሚይዝ አልተገኘም። ስለዚህ የቀድሞ ባሕረኛ በክብር ይቀበራል፤ የሚቀበረው ግን እንደ ጎረቤትና እንደ ምእመን እንጂ እንደ ባሕረኛ አይደለም።

ጉዳዩ የሚከብደው አስከሬኑ ላልተመለሰው ነው። በደጋው ወግ ሞት የሚታወቀው በመርዶ ነው፤ ሽማግሌዎች ጎሕ ሳይቀድ በር አንኳኩተው ያረዳሉ። መርዶ ካልመጣ ለቅሶ አይቀመጡም፤ ለቅሶ ካልተቀመጡ ተዝካር አይወጣም፤ ቤተሰቡም በተስፋና በሐዘን መካከል ይንጠለጠላል። ሰውየው በሩቅ አገር መሞቱ ከተረጋገጠ ወጉ ለዚያም መፍትሔ አለው፤ አስከሬን ባይኖር ልብሱና ፎቶግራፉ፣ ወታደር ከሆነም መሣሪያው በለቅሶው አደባባይ ይታያል፤ አልቃሽ በስሙና በሥራው ታነሣዋለች። ችግሩ አስከሬን ማጣቱ ላይ ሳይሆን የሚያረዳ ማጣቱ ላይ ነው። መርዶ ነጋሪ የሚሆነው የሆነውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ በመርከብ ላይ የሆነውን የሚያውቀው ደግሞ የመርከብ ባልደረባው ነው። እርሱ ምናልባት ከሐረር ወይም ከወላይታ የመጣ፣ ከሟቹ ቤተሰብ ጋር የማይተዋወቅ ሰው ነው። በሰላም ዘመን መሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ ያገናኛቸው ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ ሲጠፋ ግንኙነቱም አብሮ ተቋረጠ። የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከበኞች ደወል የሚደውሉት ለዚሁ ጉድለት ነው ማለት ይቻላል፤ የእነርሱ ደወል የጎጃም መርዶ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል።

ከአገሬው ማኅበራት መካከል ለባሕረኞች የሚቀርበው እድር ሳይሆን የጽዋ ማኅበር ነው። እድር ጎረቤትን ይሰበስባል፤ የጽዋ ማኅበር ወዳጅን ይሰበስባል። ማኅበርተኞች በፈቃዳቸው ተመራርጠው፣ በተራ እየደገሱ፣ በሙሴ እየተመሩ፣ የሞተ ሲኖር ልጁን ወይም ዘመዱን በቦታው እየተኩ ለትውልድ ያስተላልፋሉ። ይህ የመተካት ሥርዓት ልብ ሊባል ይገባዋል፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰርጓጅ መርከበኞች ማኅበር ሲዘጋ ያስቸገረው ዝርዝሩን ማን ይረከበው የሚለው ጥያቄ በጽዋ ማኅበር አስቀድሞ የተመለሰ ነው። እክሉ የጽዋ ማኅበር የሃይማኖት ማኅበር መሆኑ ነው። የባሕር ኃይሉ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም፣ የደጋውንም የጠረፉንም ሰው በአንድ መርከብ ያሳፈረ ነበር። የሞጣ ከተማ ራሷ የሁለቱም እምነት ተከታዮች መኖሪያ ናት። ስለዚህ ቅርጹን ከማኅበር፣ አባልነቱን ከእድር የወሰደ ድብልቅ አደረጃጀት ካልሆነ በቀር የመርከብ ባልደረቦችን ሁሉ የሚይዝ አይሆንም።

ከላይ በመጣ ትእዛዝ የሚቋቋም ማኅበርስ? ምሥራቅ ጎጃም በዚህ ረገድ የራሷ ትምህርት አላት። በደርግ ዘመን ስሙ ከታወቁት የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት አንዱ የጥኖራ ነበር። መሬቱና በሬው የጋራ ሆኖ፣ ሥራው በነጥብ እየተሰላ፣ ጎብኚ እየመጣ የሚመለከተው አርአያ ነበር። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ታውጆ ገበሬው መውጣት እንደሚችል በተነገረ ጊዜ በመላ አገሪቱ ከነበሩት የአምራች ማኅበራት አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። ምጽዋ ከወደቀች ገና አንድ ወር መሆኑ ነው። በዚያው ወቅት ማንም ያላዘዘው እድር በየመንደሩ ቀጠለ። ማነጻጸሩ የመንግሥት ድጋፍ ከንቱ ነው ለማለት አይደለም፤ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ያለ ጡረታ ሕግና ያለ ማኅደር መንግሥታዊ ድጋፍ ብዙ አይራመድም። ሆኖም የማኅበሩ ዕድሜ የሚወሰነው አባላቱ በተራ የሚደግሱት ድግስ፣ የሚያዋጡት መዋጮና የሚጠያየቁት ነገር ስላለ ነው። የትውልድ መንደር አርበኞች ትዝታ ለዚህ ምስክር ነው፤ በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ከተቀጣ በኋላ ስሙን በቢቸና አካባቢ ያቆየው በመጀመሪያ የሕዝቡ ፉከራና ቀረርቶ ነበር፤ መታሰቢያና ስያሜ በኋላ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ይታያል። አርበኛው የተዋጋው በሚታወቅ ተራራ፣ በሚታወቅ ወንዝ ነው፤ ልጁ ቦታውን በጣቱ ያሳያል። የባሕረኛው ሥራ ግን ለአድማጩ ሥዕል የለውም። ዓባይን እንጂ ማዕበልን፣ የጣናን ታንኳ እንጂ ፍሪጌትን የማያውቅ አድማጭ «መርከብ ላይ ነበርኩ» ሲባል የሚስለው የተለየ ነገር ነው። ቀረርቶው ለጫካና ለገደል የተሠራ ቋንቋ አለው፤ ለመልሕቅ፣ ለሞተር ክፍልና ለሌሊት ተረኝነት ቋንቋ የለውም። ስለዚህ ባሕረኛው በመንደሩ ዝም ቢል ሊደንቅ አይገባም፤ የሚያናግረው የሚያውቀው ሰው ነው፤ የሚያውቀውም በመርከቡ የነበረ ነው። የቀድሞ የባሕር ኃይል አባላት በአዲስ አበባና በውጭ አገር የሚሰባሰቡት በከፊል ለዚህ ነው። በአንድ ወረዳ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ሲሆኑ ግን መሰባሰቡ የገበያ ቀን ሰላምታ ሆኖ ይቀራል።

በሕግ በኩል መንገዱ ጠባብ አይደለም። ስለ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ማኅበር በአምስት ሰዎች ሊቋቋም እንደሚችል ይደነግጋል፤ እድርና እቁብን የመሳሰሉ ባህላዊ ስብስቦችን ደግሞ ከአዋጁ ወሰን ውጭ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ የቢቸና፣ የደብረ ወርቅና የሞጣ የቀድሞ ባሕረኞች አምስት ሆነው መመዝገብ ይችላሉ፤ ሳይመዘገቡም በጽዋ መልክ ሊገናኙ ይችላሉ። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ የሚያልፈው መንገድ ወደ ባሕር ዳር ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የባሕር ኃይሉን መልሶ የማቋቋም ዕቅድ ይፋ ሆኖ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከፈረንሳይ ጋር የትብብር ስምምነት ሲፈረም፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በባሕር ዳር እንደሚሆን የተዘገበው ስለዚችው ከተማ ነበር። የቀድሞ ባሕረኞችን ስም ሊረከብ የሚችል መሥሪያ ቤት ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በኋላ እንደገና ተፈጠረ ማለት ነው፤ ለዚያውም በጎጃም መንገድ መጨረሻ ላይ።

ጊዜው ግን አጭር ነው። የባሕር ኃይሉ በተቋቋመ ጊዜ በ18 ዓመቱ የተቀጠረ ሰው ዛሬ ከ85 ዓመት በላይ ይሆነዋል፤ በ1983 ዓ.ም. በ20 ዓመቱ ልብሱን ያወለቀውም 50ን አልፏል። በመካከል ያሉት፣ የሁለቱንም ዘመን መርከቦች የሚያውቁት፣ በሰባዎቹ ውስጥ ናቸው። በሌሎች አገሮች እንደታየው የአንድ ጦር ክፍል ምስክሮች በዕድሜ እየተመናመኑ ይሄዳሉ።

ለዚህ የሚሆን የምርምር ሥራ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት የሚበቃ ነው። የእድር ጸሐፊዎች የአባላትን ስም፣ የቤተሰብ ብዛትና የመዋጮ ቀን የሚጽፉበት ደብተር አላቸው። በየደብተሩ ከቀድሞ ወታደሮች ስም ጎን አንድ ዓምድ ቢጨመርና የነበረበት ክፍል ቢሞላ፣ ባሕረኛ ከሆነ ደግሞ የመርከቡ ስም ቢጻፍ፣ በሁለት ወረዳ ብቻ እንኳ ማን ከማን ጋር እንደ ነበረ መታየት ይጀምራል። ከዚያ የሚቀጥሉት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፤ በየትኛው መርከብ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ አብሮህ ከነበሩት ማን አልተመለሰም። ሦስተኛው ጥያቄ በቀጥታ አይጠየቅም። ቡናው ከተጠጣ፣ ዝምታው ከተሰማ በኋላ የሚመጣ ነው፤ የተነገረው ስም የጎጃም ሰው ካልሆነ ደግሞ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ መርዶ ያልደረሰው ሊሆን ስለሚችል፣ ተመራማሪው ማስታወሻውን ከመዝጋቱ በፊት አባቱን፣ አገሩንና ወረዳውን ጭምር መጻፍ ይኖርበታል።